«ገበሬ ሆኖ ቀረ»

የአክስቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። «ቪንላንድ ሳጋ» የሚባለውን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) የመጀመሪያ ሲዝን፣ 24ቱንም ክፍል፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ለምሳ ሲጠራ እንኳ ሳይሰማ በሁለት ቀን ጨረሰው። ሁለተኛውን ግን አራተኛው ክፍል ላይ ጥሎት ተነሣ። ምን ነካህ ብለው «አቦ ሰለቸኝ! ገበሬ ሆኖ ቀረ እኮ» አለኝ።

ብቻውን አይደለም። ያ ሲዝን በ2023 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ብዙ ተመልካች «ፋርምላንድ ሳጋ» የሚል የፌዝ ስም አውጥቶለት ነበር። ቫይኪንግ፣ ሰይፍና መርከብ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ሁለት ባሪያዎች ጉቶ ሲነቅሉ ቢያይ ቅር ይለዋል። እኔ ግን ለዚያ ጉቶ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። እስካሁን ካየሁት አኒሜ ሁሉ ሰው እውነት ሲያድግ ያየሁት እዚያ እርሻ ላይ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም፤ እኛም አኒሜን የተማርነው እንዲሁ ነው። ዲሽ ያለበት ጎረቤት ቤት ተሰብስበን፣ በዓረብኛ የተተረጎመ አኒሜ እያየን ነው ያደግነው። ከመካከላችን ዓረብኛ የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም። አክተሩን የምንለየው በፀጉሩ ነው። ማውራት ሲጀምሩ ውሃ ልንጠጣ እንነሣለን፤ ቡጢው ሲጀመር ውጭ የቀረውን በጩኸት እንጠራዋለን። ታሪኩን ሁሉም በገባው መንገድ ይፈጥረዋል። አንድ የሰፈራችን ልጅ «ድራጎን ቦል» ውስጥ ያለው ቬጂታ የዋናው አክተር የጎኩ ታላቅ ወንድም ነው ብሎ ለሁለት ዓመት አሳምኖን ኖሯል። ንግግሩ ስለማይገባን ገጸ ባሕርይ ማለት ለኛ ጉልበት ሆነ። የጎኩ ፀጉር ወርቅ ሲመስል «አደገ!» እንላለን። ከዚያ ደጅ ወጥተን እስኪመሽ ድረስ ማን ማንን ይጥላል እያልን እንጨቃጨቃለን። ዛሬ ሰብታይትል አለ፣ የሚሉትም ይገባናል፤ በቴሌግራም ግሩፖቻችን ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ግን ያው የሰፈሩ ጥያቄ ነው።

ጥፋቱ የተመልካች ብቻ አይደለም። በልጅነት ያየናቸው አብዛኞቹ ታሪኮች መነሻቸው «ሾነን ጃምፕ» የተባለው የጃፓን ሳምንታዊ የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጽሔት ነው። «ድራጎን ቦል» ከ1984 እስከ 1995፣ «ናሩቶ» ከ1999 እስከ 2014 የወጡት እዚያ ላይ ነው፤ «ዋን ፒስ»ም በ1997 የጀመረው እዚያው ነው። መጽሔቱ የትኛውን ታሪክ እንደወደዱ አንባቢዎቹን በየጊዜው ይጠይቃል። ድምፅ ያነሰው ወደ ኋላ ገጾች ይገፋል፤ ካልተሻለውም ይቋረጣል። በየሳምንቱ 20 ገጽ ገደማ እየሣለ ለእንጀራው የሚታገል ደራሲ ዋና ገጸ ባሕርዩን ለወራት መሬት ሊያስቆፍረው አይደፍርም። ጠላት ያመጣል፤ አክተሩ ጠላቱን ለመጣል ይበረታል፤ ቀጥሎ ከዚያ የባሰ ጠላት ይመጣል። የ«ቪንላንድ ሳጋ» ደራሲ ማኮቶ ዩኪሙራም በ2005 ሲጀምር ሥራውን ያወጣው በሌላ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ አንባቢዎች ወደሚታተም «አፍተርኑን» ወደተባለ ወርኃዊ መጽሔት አዛወረው፤ 20 ዓመት ፈጅቶበትም በ2025 ጨረሰው። ስንዴ ለመዝራት ጊዜ ያገኘው በዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ በታች ታሪኩን ስለማወራው፣ ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ዘመኑ የ11ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቶርፊን ገና 6 ዓመቱ ሳለ አባቱ ቶርስ ዓይኑ እያየ ይገደላል። ቶርስ በጀግንነቱ ስሙ የገነነ፣ ኋላ ግን ጦርነት አንገሽግሾት ጠፍቶ አይስላንድ ውስጥ ቤተሰብ መሥርቶ የሚኖር ሰው ነው። ያስገደለው አስከላድ የሚባል የሽፍታ አለቃ ነው። ልጁ አባቴን የገደለውን ፊት ለፊት ገጥሜ እገድለዋለሁ ብሎ ምሎ፣ የዚያኑ ሰው ጭፍራ ይከተላል። ውላቸው ቀላል ነው፦ ቶርፊን በጦር ሜዳ አንድ ቁም ነገር በሠራ ቁጥር አስከላድ አንድ ለአንድ ይገጥመዋል። በ11 ዓመት ውስጥ ልጁ ሰው ገደለ፣ መንደር አስዘረፈ፣ ያጎረሱትን ሰዎች አሳልፎ ሰጠ። አስከላድን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈውም።

ይህን ታሪክ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አባቱ የተገደለበት ሕፃን እስኪጎረምስ የሚጠበቅበት፣ ገዳዩ በሩቅ እየታየው የሚያድግበት፣ ደሙን ካልመለሰ ገበያ ወጥቶ ቀና ብሎ የማይሄድበት ቀዬ የስንቶቻችን አያቶች ቀዬ ነው። በፉከራችንም እንደ አባቱ ያልሆነ ወንድ አመልማሎ ተሰጥቶት እንደ እናቱ እንዲፈትል ይፈረድበታል። የመጀመሪያው ሲዝን የአክስቴን ልጅ እንቅልፍ የነሣው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ በፉከራው ሚዛን ቶርፊን ወንድ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ቶርስ ላይ ነው። ልጁን ጩቤ ይዞ ቢያገኘው፣ ማንን ልትወጋበት ነው፣ አንተ እኮ ጠላት የለህም፣ ሊጎዳ የሚገባው ሰው በዓለም ላይ የለም ያለው እሱ ነው። ሲሞትም አሸንፎ ሳለ፣ ልጁ በጠላት እጅ ስለገባ ብቻ እጁን ሰጥቶ ነው የሞተው። እንግዲህ ቶርፊን አባቱን ሊበቀል በተነሣበት ቀን ነው አባቱን መምሰል የተወው። 11 ዓመት ሙሉ የመሰለው አስከላድን ነው።

አስከላድ ይሞታል፤ በቶርፊን እጅ ግን አይደለም። የዴንማርኩ ልዑል ክኑት ይቀድመዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ዓመት የኖረለት ሰው ፊቱ ወድቆ ሲያጣጥር፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ምን ልትሆን አስበህ ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ የለውም። በንዴት በክኑት ላይ ጩቤ ይመዝዛል፤ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል።

ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ዴንማርክ ውስጥ ኬቲል የሚባል ባለጸጋ እርሻ ላይ እናገኘዋለን። ዓይኑ ፈዟል፣ ቃል አይወጣውም። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፤ ምን እንዳስጮኸው ግን አያስታውስም። ኬቲል ለእሱና አይናር ለሚባል ሌላ ባሪያ ጫካ ይሰጣቸዋል፤ መንጥረው፣ አርሰው፣ ስንዴ ዘርተው፣ ከምርቱ ነጻነታቸውን እንዲገዙ። አይናር የገበሬ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡን የፈጁት እንደ ቶርፊን ያሉ ዘራፊዎች ናቸው።

ምንጣሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዛፉን መጣል ቀላሉ ነው። ፍዳው ጉቶው ነው። ዙሪያውን ስትቆፍር ትውላለህ፣ ሥሩን ትበጥሳለህ፣ ትገፋለህ፣ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ ሰዎች ፈረስ ተውሰው እስኪጎትቱት ድረስ ከጉቶ ጋር ይታገላሉ። አኒሜው ይህን አይዘልለውም። ላቡን፣ የሚላጠውን እጅ፣ ወቅቱ ሲለዋወጥ ያሳያል። ሁለት ጎልማሳ በአንድ ትንፋሽ ይጥል የነበረ ልጅ አንድ የደረቀ ግንድ ያቅተዋል፤ 11 ዓመት የሠለጠነበት ሙያ እዚህ ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ስንዴው ይበቅላል። ቶርፊን ጎንበስ ብሎ ቡቃያውን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሰው ይታያል። በዕድሜው እጁ ያረፈበት ነገር ሁሉ ሲጠፋ ነበር ያየው፤ አሁን አንድ ነገር በዚያው እጅ በቀለ።

ይህን የምወደው በምክር የተለወጠ ስላልሆነ ነው። «ናሩቶ» ውስጥ ክፉው ሰው ተሸንፎ፣ ረጅም ንግግር ሰምቶ፣ እንባው ዱብ ዱብ ብሎ ደግ ይሆናል። ናሩቶን እወደዋለሁ፤ ያንን ግን እንደ ንስሐ አባት ስብከት ነው የማየው። ቶርፊንን ቁጭ አድርጎ የሰበከው የለም። ጓደኛ ሲያገኝ፣ ሥራ ሲገባው፣ የኬቲል አባት የሆኑት ቁጡ ሽማግሌ ፈረስና ማረሻ ሲያውሱት፣ ቀስ እያለ ነፍሱ ይመለሳል። የሚረሳውን ሕልም ማስታወስ የሚጀምረውም ያኔ ነው፦ የገደላቸው ሰዎች ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። መኖር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ከሰው ላይ የወሰደውን ነገር ሊያውቀው አይችልም ነበር። ጸጸቱ የመጣው ከቡቃያው በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ ክኑት ነግሦ፣ የኬቲልን እርሻ ሊወርስ ጦር አስከትሎ ይመጣል። ቶርፊን ባዶ እጁን ሄዶ ንጉሡን ላነጋግር ይላል። ወታደሮቹ ይስቁበታል። ከመካከላቸው አንድ ግዙፍ ሰው 100 ቡጢ ችለህ ከቆምክ አሳልፍሃለሁ ይለዋል። ይቆማል። ሰውየውን መጣል ያቅተዋል ብሎ የሚያስብ ካለ የመጀመሪያውን ሲዝን አላየም። አልመታም፤ ለምን ሲሉትም ጠላት የለኝም አለ። እኔ አንድ ገጸ ባሕርይ አደገ የምለው ትናንት ዓይኑን ሳያሽ ያደርገው የነበረውን ነገር ዛሬ እጁ እምቢ ሲለው ነው። በፉከራው ዳኝነት ቶርፊን አመልማሎ የሚገባው ያን ቀን ነበር። አባቱን የመሰለውም ያን ቀን ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ክኑት ሰምቶ ጦሩን ይዞ መመለሱ ለቶርፊን መንገድ ትንሽ ያደላለት ይመስለኛል፤ የማይሰማ ንጉሥ ቢሆንስ? ደራሲው ይህን ጥያቄ የዘነጋው ግን አይደለም። አርንሄይድ የምትባለው ባሪያ ነፍሰ ጡር ሳለች ያ ደግ የሚመስለው ኬቲል ደብድቧት ስትሞት፣ የቶርፊን አዲስ ልብ አላዳናትም። ክኑትንም ቢሆን በልኩ ሥሎታል። ሲጀምር ጥላውን የሚፈራ ልዑል ነበር፤ ሲጨርስ ቆራጥ ንጉሥ ነው። በጉልበት ሚዛን ካየነው ከቶርፊን ይልቅ ያደገው እሱ ነው። የአባቱ የተቆረጠ ራስ እየተገለጠለት የሚያናግረው ሰው መሆኑን ካልቆጠርን።

ይኸው መለኪያዬ የልጅነቴን ሰዎችም እንደገና እንዳያቸው አድርጎኛል። ጎኩ መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ነው፤ የዋህ፣ ርኅሩኅ፣ ፍልሚያ ወዳድ። ቬጂታ ግን ምድርን ሊያጠፋ መጥቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ደግ መሆኑ አሳፍሮት ወደ ቀድሞ ክፋቱ ሊመለስ ለጠንቋይ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ከዚያ ልጁን ትራንክስን አቅፎ ሊሞት ይሄዳል። ያኔ ዓረብኛውን ሳንሰማ ዝም ያልነው በአጋጣሚ አልነበረም። «ሞብ ሳይኮ 100»ም አለ፤ ከ2016 እስከ 2022 በሦስት ሲዝን የወጣ። ሞብ በሐሳቡ ብቻ ሕንፃ ማንሳት የሚችል የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ግን ያንን ኃይል እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ትምህርት ቤት ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ክበብ ይገባና፣ ትንፋሹ እያጠረው በየመንገዱ እየወደቀ ይሮጣል። ኃይልህ እንደ ቢላ ነው፣ በሰው ላይ አታዙረው ያለው ደግሞ አጋንንት አስወጣለሁ እያለ ሰው የሚያታልል አጭበርባሪ ነው፤ ረይገን። ከአጭበርባሪ አፍ የወጣ ቃል ልጁን ማሳደጉ በጣም ያስቀኛል።

ሁሉም ማደግ አለበት እያልኩ አይደለም። ሉፊ ከ1997 ጀምሮ ያው ሉፊ ነው፤ የሚለወጡት የነካቸው ሰዎች ናቸው፤ እሱ ቢለወጥ «ዋን ፒስ» ይፈርሳል። ሕፃኑ መርማሪ ኮናንማ አኒሜው በ1996 ከጀመረ ወዲህ አንደኛ ክፍልን አላለፈም።

የአክስቴን ልጅ እስከ አሥረኛው ክፍል ድረስ ብቻ እየው፣ ከዚያ ከሰለቸህ አልናገርህም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ቀናተኞቹ የእርሻው ቅጥረኞች የሁለቱን ባሪያዎች ስንዴ ነቃቅለው የሚያበላሹበት ክፍል ላይ ደርሷል። የላከልኝ ይህን ነው፦ «ስንዴውን እኮ ነቀሉት!! ማን ነው? እገድለዋለሁ!»