እቴቴ የነገረችን 4 ለ 4

ሰሞኑን ሮም በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ፣ በልጅነቴ ልቤን የወሰደውን የእግር ኳስ ካርቱን፣ «ካፒቴን ማጂድ»ን፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ አየሁት። ልጅ ሆነን ያየነው ወደ አረብኛ የተመለሰውን ነው፤ ዋናው አኒሜ በጃፓን ከ1983 እስከ 1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታየ ሲሆን 128 ክፍል አለው። የማጂድም ስም እዚያ ጹባሳ ነው። ጣሊያኖች ሆሊ ይሉታል። አብሮኝ የሚሠራው ሞሮኳዊ ግን እንደ እኔው ማጂድ ነው የሚለው።

ባሕር ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ዲሽ የነበራት አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ናት። አረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ነው ያስተከለችው። እቴቴ እንላታለን። ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፏ ላይ እንደረደራለን፤ እሷ ቡናዋን እየቆላች አረብኛውን ትተረጉምልናለች። የማጂድ አባት የመርከብ ካፒቴን ስለሆነ ቤት አይገኝም። ተቀናቃኙ ባሳም ደግሞ አባቱ ሞቶበት እናቱንና ታናናሾቹን እየረዳ ነው የሚጫወት። ባሳም ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝግ ይል ነበር።

ሜዳው ማለቂያ የለውም። ማጂድ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ጎሉ ከአድማስ ሥር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። እዚህ ሰው ይስቅበታል፤ ጣና ዳር ላደግነው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳም መጀመሪያ ጭነቱ ነው የሚታየው፤ ቀዛፊው ኋላ ነው የሚለይ።

የፍጻሜው ጨዋታ ዕለት ማጂድና ባሳም እንደተፋጠጡ መብራት ሄደ። ጮኽን። እቴቴ ሻማ እየለኮሰች «4 ለ 4 ነው የሚያልቀው፤ ዋንጫውን ሁለቱም ይወስዱታል» አለችን። ፍጻሜ ሁለት አሸናፊ ሊኖረው? ለባሳም አዝና የፈጠረችው መሰለንና አኩርፈን ወጣን።

እውነቷን ነበር። 4 ለ 4። ሁለቱ አምበሎች ዋንጫውን አብረው አነሱት። መብራት ጠፍቶ እንዴት አወቀች ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የገባኝ አሁን ነው። ሰው ቤት ስትሠራ፣ ከምታሳድጋቸው ልጆች ጋር አይታዋለች።

ልጄ እዚህ የፈለገውን በፈለገው ቋንቋ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ብቻውን ያያል፤ አንድም ቃል አያመልጠውም። እኛን ግማሹ ያመልጠን ነበር፤ ግን ዞር ብለን «ምን አለ?» የምንላት ሰው ነበረችን። መብራት መሄዱ ያኔም ያንገበግብ ነበር፤ የምናፍቀው እሱን አይደለም። ዛሬ እኔም የሰው አገር እየኖርኩ፣ እሷ ከዚያ ይዛልን የመጣችውን አሁን ገና እየቆጠርኩት ነው።

ደወልኩላት። «እቴቴ፣ 4 ለ 4 ነበር፤ እውነትሽን ነበር» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፦

«ትንሹ ልጅ የባሳም ደጋፊ ነበር» አለችኝ። «ዋንጫውን ሲያነሱ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ይኸኔ ትልቅ ሰው ሆኗል።»