ይተኛሉ እኮ!

በዋሽንግተንና በዙሪያው የሚኖር ሀበሻ በዓመት ሁለት አዲስ ዓመት አለው። መስከረም 1 የልጆች ነው፤ የሀገር ልብስ ይለብሳሉ፣ አበባዬሆሽ ይላሉ፣ ወላጅ በስልኩ ይቀርጻል። ዲሴምበር 31 ግን የወላጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 መሆኑ ነው፤ ጾመ ነቢያት አልተፈታም፣ ለገናም ሳምንት ቀርቶታል። ይህን የሚያነሳ ሰው የለም። አንዴ ጠይቄ «ውስኪ እኮ ከገብስ ነው» ተብያለሁ።

የዲሴምበር 31 ግብዣ በራፍ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ከ21 ዓመት በታች አይገባም። ስለዚህ ልጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እንደ እኔ ያለች፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቷ ጋር የምትኖር የኮሌጅ ተማሪ ዘመድ የሚበዛላትም ይኼኔ ነው። የድምፃዊው ፎቶ ያለበት ፖስተር ሀበሻ ሱቅ መስታወት ላይ፣ ከእንጀራው ዋጋ ጎን በተለጠፈ ማግስት ስልኬ ይጠራል።

«የኔ ቆንጆ፣ ጠፋሽ እኮ! አክስትሽ ደህና ናት? ትምህርትስ? በርቺ፣ በርቺ። ለመሆኑ ለኒው ይር የት ነሽ?»

የመንትዮቹ እናት ናት። ጥያቄው ወጥመድ ነው። «ቤት ነኝ» ካልኩ አለቀልኝ። «እወጣለሁ» ካልኩ «ከማን ጋር?» ይከተላል፤ መልሴ ደግሞ ሳይመሽ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይደርሳል። «እስካሁን አልወሰንኩም» አልኳት። ላልወሰነ ሰው እሷ ትወስንለታለች።

«እንግዲያውስ እኛ ጋ ነሽ! ምንም ሥራ የለውም። ይተኛሉ እኮ!»

ይህን ቃል ከልጅ ወላጅ አፍ ሳይሰማ ያደገ ሞግዚት ያለ አይመስለኝም። ትርጉሙ ረቂቅ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ አንቺም ምንም አልሠራሽም፣ ምንም ካልሠራሽ ደግሞ ለምኑ ይከፈልሻል ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ሎት የሚጠብቀው ወገናችን ሁሉ ደሞዙን ይመልስ። መኪኖቹም ይተኛሉ እኮ።

ደግሞስ መች ይተኛሉ? መንትዮቹ አራት ዓመታቸው ነው፤ ተራ ገብተው ነው የሚተኙት። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ውኃ ይጠማዋል። ሌላው ሲያንቀላፋ የመጀመሪያው እናቱ ትዝ ትለዋለች። ሁለቱም ተኝተዋል ሲባል እኩለ ሌሊት ይሞላና የሰፈሩ ሰው ርችት ይተኩሳል።

«ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» አልኳት።

«ግፋ ቢል በስምንት።»

በየትኛው ስምንት? በአዲስ አበባው ከሆነ ለአሜሪካው ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። በአሜሪካው ከሆነ ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ልጆቹ ነቅተው፣ እኔ ቁርስ እየሠራሁ ነው። በመሃሉ 6 ሰዓት አለ። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ስለሆነ ይህች አንዲት «ስምንት» ብቻዋን 90 ዶላር ታወዛግባለች። ፖስተሩም አይረዳም። «በሮች በ9 ይከፈታሉ» ይላል፤ ድምፃዊው መድረክ የሚወጣው አዲሱ ዓመት ከገባና ካረጀ በኋላ ነው፤ የመንትዮቹ እናት ያቺን ዘፈን ሳትሰማ ደግሞ ንቅንቅ አትልም።

ዋጋ እንዴት ይጠየቃል? ፎቁ ታች ያለችው ፈረንጅ ጎረቤታችን ልጇን ስታስይዘኝ በቴክስት ነው የምትጽፈው፦ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ በሰዓት ይህን ያህል፣ ይስማማሻል? ይስማማኛል፤ አለቀ። ከእኛ ሰው ጋር ግን ሥርዓት አለው። «ስንት ልስጥሽ?» ትባያለሽ። «ኧረ ምን ገንዘብ አለው!» ማለት አለብሽ። «አይ ንገሪኝ።» «ደስ ያለሽን።» ደስ ያላትን ትሰጣለች፤ ችግሩ እሱ ነው። ክፍያው ሌሊት በር ላይ ይፈጸማል። የታጠፈ ብር መዳፍሽ ውስጥ ይወተፋል፣ «ለታክሲ» ይባላል፣ አንቺ «በፍጹም!» እያልሽ ትታገያለሽ፣ በመጨረሻ ኪስሽ ውስጥ ይገባል። ስንት እንደሆነ የምታውቂው ሊፍት ውስጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ የምትታገይው ሰው የለም።

አንዳንዴ ብሩ ከምግብ ጋር ይመጣል። የመንትዮቹ እናት አምና ምስር ወጥና ጎመን በፕላስቲክ ዕቃ አስይዛኛለች፤ «እንደምትጾሚ አውቃለሁ» ብላ። በእሷ ቤት ጾሙ የሚመለከተው ሞግዚቷን ብቻ ነው።

ባለቤቷ ኡበር ነጂ ነው። በዲሴምበር 31 ሌሊት ስለሚሆነው ነገር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ አስገድዳው ካልሆነ ያን ሌሊት ከመኪናው አይወርድም። «ካርታው ቀይ ይሆናል! ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ! ይሄ እኮ ሳይንስ ነው፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል» እያለ አስተምሮኛል። ይህን ጭማሪ «ሰርጅ» ይሉታል። «ጋሼ፣ ልጅ መያዝስ ሰርጅ አለው?» ስለው ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ማውራት ጀመረ።

ሕግ ይዳኘን ብዬ ሕግ አገላበጥኩ። አገር ቤት ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው የሰዓት ደሞዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለው ይላል። ልቤ ሞቀ። ወረድ ሳይሆን ወጣ ብዬ ሳነብ አዋጁ ገና ከጅምሩ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። እንግዲህ ያለሁት አሜሪካ ነው ብዬ ወደዚህ ዞርኩ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ከ2009 ጀምሮ አልተነቃነቀም። እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ልጅ የሚይዝን ሰው አይጨምርም። በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ከመንትዮቹ እናት ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል።

ስለዚህ የራሴን አዋጅ አወጣሁ። በቴክስት ላክሁላት፦ እስከ እኩለ ሌሊት በሰዓት 20 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 30፣ ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ድምፃዊው ቢያረፍድ ኃላፊነቱ የአዘጋጁ። መንትያ በመሆናቸው ጭማሪ አልጠየቅኩም፤ ይሉኝታ ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀኝም።

«ዋው» ብላ መለሰች። ሌላ ቃል የለም።

ማታ አክስቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች። «ለሕፃን ልጅ ብር ጠየቅሽ አሉ?»

«ለሕፃኑ አይደለም አክስቴ፣ ለእናቱ ነው።»

«ነውር አይደለም እንዴ! ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበለችን ማን ናት? አንቺ እንቢ ካልሽ እኔ እይዛቸዋለሁ፣ ያውም በነጻ!» ብላ እዚያው ደወለች። በስልኩ ውስጥ ምርቃቱ ዘነበ። አክስቴ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ የበራ ቅድስት መስላለች።

አክስቴ አዛውንቶች የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ፕሮግራም ሲወጣ የዲሴምበር 31 የማታ ሺፍት ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ታማ ቀረች። ቦታው ለአክስቴ ቀረበላት። እሷ የምትሠራበት ቤት ለዚያ ሌሊት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ ለበዓል ጨምር ብሎ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ እንደሌለ ስነግራት «ለዚህ እኮ ነው የሚከፍል ሲገኝ እምቢ የማይባለው!» አለችኝ። ትክክል ናት። እዚያም ያሉት አዛውንቶች ሌሊቱን ይተኛሉ፤ ይህን ግን አላነሳሁም።

«እና መንትዮቹስ?»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አለችና ዩኒፎርሟን መተኮስ ቀጠለች።

ልጆቹ ማታ ፒጃማቸውን እንደለበሱ እኛ ቤት ደረሱ። እናታቸው በጠለፈችው ሹሩባ ላይ ብልጭልጭ ነስንሳ፣ አክስቴን ፍለጋ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ «የት አለች የኔ እናት?» አለች። ሥራ ሄደች አልኳት። ፊቷ ላይ ቅር መሰኘት አላየሁም። የምስር ወጡን ዕቃ ግን ሰጠችኝ።

ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ላይ አንደኛው ውኃ ጠማው። ውኃውን ሰጥቼው ስመለስ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሥራውን የተረከበችው አክስቴ ስለሆነች ሂሳቡን የማቀርበው ለእሷ ነው። የአክስቴን የሰዓት ደሞዝ አውቃለሁ። በአንድ ተኩል አባዛሁት፣ በስምንት ሰዓት አባዛሁት፣ ግማሹን ለራሴ ጻፍኩ። ሌላኛው ተነስቶ እናቴ የት ናት ሲለኝ የኤርፖርቱን ውለታ እንደ ቅናሽ እንዳትቆጥርብኝ የምጽፈውን አንቀጽ እያሰብኩ ነበር።