ይድረስ ለክቡር ሰማያዊ ስክሪን፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ መምጣትን ስለማቆም፤ ይህ ካልተቻለም ሲመጡ ምክንያትን በግልጽ ስለመናገር

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ዊንዶውስ ከባድ ስሕተት ሲገጥመው ሥራውን ሁሉ አስቁመው ስክሪኑን የሚሞሉት እርስዎ፣ ባለፉት ወራት በላፕቶፔ ላይ የሚያደርጉት ጉብኝት ከልክ በማለፉ ይህን አቤቱታ ለክቡርነትዎ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ማንነትዎን ሳላውቅ የደፈርኩ እንዳይመስልዎት ታሪክዎን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እርስዎም ፈረንጅ ነዎትና። በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር ሥራ የጀመሩ አንጋፋ ነዎት። ሚያዝያ 1998 ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን በአደባባይ ሲያስተዋውቁ፣ ስካነሩ ገና ከመሰካቱ ከች ብለው በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ያሳቁባቸው እርስዎ ነዎት። ሐምሌ 2024 ደግሞ በአንድ የጥበቃ ሶፍትዌር የተበላሸ ማሻሻያ ሰበብ 8.5 ሚሊዮን በሚገመቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ብቅ ብለው በየአገሩ አውሮፕላን አስቁመዋል። ለእነዚያ ያልራሩ፣ አዳማ ላይ የነጋዴ ሒሳብ እየሠራ ለሚተዳደር ሰው ይራራሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ፋይሉን ሴቭ እስካደርግ ይታገሱኛል የሚል ተስፋ ግን ነበረኝ።

ሰዓት አመራረጥዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ሲውል ድምፅዎ አይሰማም። ሰኔ 30 ሲቃረብ፣ ደንበኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ በኤክሴል አመሳክሬ የመጨረሻውን ድምር ልመታ ስል ግን ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ በሁለት ነጥብና በአንድ ቅንፍ የተሠራ ያዘነ ፊት ይዘው መምጣትዎ ደግሞ ለብቻው ክስ ያስመሠርታል፤ ሟችን ገድሎ ለቅሶ መድረስ በእኛ አገር ነውር ነው። በ2016 የጨመሩት የኪው.አር. ኮድም ቢሆን፣ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ካሜራውን እስካስተካክል ላፕቶፑ ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሣ፣ እስካሁን የጠቀመኝ ነገር የለም። «መረጃ እየሰበሰብን ነው» እያሉ ከዜሮ እስከ 100% ሲቆጥሩ ግን ፊትዎን እያየሁ እጠብቃለሁ። የሰበሰቡትን መረጃ የት እንደሚያኖሩት ለባለቤቱ የመንገር ልማድ የለዎትም።

ፍትሐዊ ልሁን። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት እሱ ብቻ ይዘጋል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ስሕተቱ የደረሰው ከርነል ከሚባለው ከስርዓቱ እምብርት ላይ ከሆነ ግን፣ ዝም ተብሎ ቢቀጠል ዲስኩ ላይ ያለው ሰነድ ሁሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሁሉንም ነገር ባለበት ማስቆም ግዴታዎ ነው። እርስዎ በሽታው አይደሉም፣ መርዶ ነጋሪ ነዎት። ቅሬታዬ መርዶውን በኮድ ነግረው፣ ሰው ሳያነበው ተነሥተው በመሄድዎ ላይ ነው።

ይህ አነጋገርዎ ምን እንዳስከተለ ይወቁት። በአገራችን ለታመመ ላፕቶፕ ሁሉ የታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ቻርጀር አልሰካ ቢል ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት፣ እርስዎ ቢመጡማ ሳይጠየቅ ፎርማት። መሀል ከተማ ያለ አንድ ጥገና ቤት ኮዱን ሳያይ ፎርማት አድርጎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ «አዲስ ሆኗል» ብሎ አስረከበኝ። እርስዎም አዲስነቱን ሊመርቁ በዚያው ምሽት መጡ።

ነገሩን መልክ ያስያዘው አንድ ወጣት የጥገና ሠራተኛ ነው። ልጁ ፎርማት የሚለውን ቃል ከአፉ ሳያወጣ፣ ከሲስተም ፕሮፐርቲስ «ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ» የሚለውን ከፍቶ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አነሣ። ከዚያ በኋላ መጥተው መሸሽ ቀረ፤ እስኪነበቡ ድረስ መቆም ግድ ሆነብዎት። ታዲያ ሲነበቡ ምን ተገኘ? ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ነገ «ፔጅ ፎልት»፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰው አፍ ላይ የማይዞር «አይ.አር.ኪው.ኤል.» የሚባል ስም። ተቆጥሮ ተሰብስቧል የተባለው መረጃም በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ በሚባል ጓዳ ተቀብሮ ተገኘ። ልጁ ፋይሎቹን ዊንዲቢጂ በተባለ መመርመሪያ ፕሮግራም እየከፈተ ሲያያቸው፣ አንዱ የስክሪን ካርዱን ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ይከሳል፣ ሌላው የዋይፋዩን፣ ሦስተኛው የራሱን የዊንዶውስን ፋይል። አንድ ኮድ እየተደጋገመ አንድ ድራይቨር ብቻ ቢከስ ኖሮ ያንን ድራይቨር ማደስ ወይም ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃ ነበር። ተከሳሹ በየቀኑ ከተቀያየረ ግን፣ በተለይም ላፕቶፑ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር በሚነሣበት በሴፍ ሞድ ውስጥ ሆኖም ከመጡ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃው ነው፤ ከዕቃውም ራሙ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው። ልጁም ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት 86ን በፍላሽ ጭኖ ላፕቶፑን አሳደረው። ጠዋት ስንከፍተው ስክሪኑ በቀይ የስሕተት መስመር ተሞልቷል።

የጀርባው ክዳን ሲነሣ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የአዳማ አቧራ እንደ ፍራሽ ጥጥ ተደድሮ ተጋድሟል። ከከተማችን ዳር የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ሳይ ሁልጊዜ ኩራት ይሰማኛል፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ በግንቦት ሙቀት ትርፍ ሰዓቱን እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ይሠራ እንደነበር ግን የነገረኝ አልነበረም። ልጁ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፣ የሁለቱን ራሞች ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ጠረገ፣ እያንዳንዱንም ለብቻው መልሶ ፈተነ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው ቀዩን መስመር ደገመው።

ከዚያ ወዲህ እግርዎ አጥሯል። ላፕቶፔ 8 ጊጋ የነበረው ራሙ 4 ቀርቶት፣ ኤክሴልና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ እያቃሰተ ይሠራል፤ ለማቃሰቱ ቅሬታ የለኝም። «ታዲያ ደብዳቤው ለምን ተጻፈ?» ይሉኝ ይሆናል። ከ2025 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ላይ ሰማያዊውን አውልቀው ጥቁር መልበስዎን፣ ያዘነውን ፊትና ኪው.አር. ኮዱንም መተውዎን ስለሰማሁ ነው። ከለቀስተኝነት ወደ ሐዘንተኝነት በማደግዎ እንኳን ደስ ያለዎት። የልብስ ለውጡ ግን ለጥያቄዬ መልስ አይሆንም። ዳግመኛ የሚመጡ ከሆነ የወንጀለኛውን ስም በሰው ቋንቋ ጽፈው፣ የሰበሰቡት መረጃ የተቀመጠበትን ፎልደር ከስሩ አመልክተው ይምጡ። በእኔ በኩል «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» እንደተዘጋ ነው፤ ሳይነበቡ የሚወጡበት በር የለም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዳማ ሒሳብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለሁለተኛው ራም፤ በመሳቢያ ውስጥ