ሳሎኑ ለእንግዳ፣ እሳቱ ለባለቤት

ደብረ ብርሃን ላይ ቪላ የሠራ ሰው ቪላው ውስጥ አይኖርም። የሚኖረው ከጓሮ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነችው ማድ ቤት ነው። ቪላው የቆመው ለእንግዳ፣ ለልቅሶና ለፎቶ ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ባቄላውን ሲመታው፣ ባለ ሰባት ክፍሉ አባወራ ከነልጆቹ አንዲት ምድጃ ከቦ ታገኙታላችሁ። ሰባቱ ክፍል ተቆልፏል።

ጥፋቱ የፕላኑ ነው። ፕላኑ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አዲስ አበባ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ብቻ ሙቅ አገር መሆኑ ያስታውቃል። መስኮቱ ግድግዳውን አክሏል፣ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ኮርኒሱ ሩቅ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሴራሚክ የረገጠ እግር ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሙቅ አየር ደግሞ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ከእንግዳው ትንፋሽ የተረፈችው ሙቀት እዚያ ላይ ከጂፕሰሙ አበባ ጋር ስትጫወት ታመሻለች።

አያቶቻችን እንዲህ አይጃጃሉም ነበር። የመንዝ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ መስኮቱ ካለም የጭንቅላት ማውጫ ያህል ነው። ምድጃው ላይ ኩበት ይጤሳል፣ ወዲያ ማዶ ከብቱ ታስሯል። በሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቅ ያድራል፤ ቆጣሪ የለው፣ ካርድ አይሞላለት። ከላይ የበግ ጠጉር ባና መደረብ ነው። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ እንደጨረሰ አልክድም፤ ወደ ጋጣ እንመለስም አልወጣኝም።

መሀል መንገድ ግን ነበር። ሮማውያን ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት የቤቱን ወለል በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ያነሡትና ከውጭ እሳት ያነዱ ነበር። ትኩሱ አየር ከወለሉ ሥር ያልፍና ግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ ባዶ ሸክላዎች አድርጎ ይወጣል። እግር ይሞቃል፣ ጭስ አይገባም። ይህን ለአንድ ግንበኛ ባወራው «ጋሼ፣ እሱ ሲሚንቶ ይበላል» አለኝ። ሲሚንቶውን ቆጥቦ ለበሩ ምሰሶ ሁለት አንበሳ ሠራበት።

የኛ ነገሥታት ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ብርድን በሚገባ ያውቁታል። በኋላ የከተሙበት እንጦጦም ቢሆን ያው ብርድ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ መኳንንቱ ተከተለ፣ ከተማ ሆነ። ሙቅ ውሃ ቤት ድረስ መሳብ ሲያስቸግር ዋና ከተማውን ነቅሎ ሙቅ ውሃ አጠገብ መትከል! በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ የማሞቂያ ሥራ በዓለም የለም። ቆይቶ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ የቧንቧ ውሃ ቤተ መንግሥት ገባ፣ መብራትም መጣ። የቤት ማሞቂያ ግን ያኔ እንደተረሳ ቀረ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው ክፍለ ዘመን እኛ ዘንድ፣ ደብረ ብርሃን የከተሙት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ሙቀት ታየ ያለ የለም።

መብራቱ ራሱ ድሮ ይሻል ነበር። ያ የመቶ ሻማ አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነበር የሚለውጠው። ፈረንጅ ብክነት አለው። ብክነት! ጫጩት ያሳደግነው በሱ አይደል? ቆጣቢ አምፖል መጣና ብርሃኑን ሰጥቶ ሙቀቱን ቆጠበብን።

የእንግዳው ሽንት ቤት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እንግዳ ካልመጣ አይከፈትም። በ1775 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል፣ ለንደን የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቱቦ ቆልምሞ የፈጠራ መብት አወጣበት። ቁልምሙ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ሽንት ቤትን ከሳሎን ጎን ለመሥራት የደፈርነው በሱ ተማምነን ነው። ታዲያ ወር ከወር ሳይለቀቅበት ሲከርም ውሃው ይደርቃል፣ ሽታውም ሰተት ብሎ ሳሎን ይገባል። እትዬ ዕጣን ይጨምራሉ። ጋሼ ቧንቧ ሠሪውን ይረግማሉ፤ ቧንቧ ሠሪው ተጠርቶ ሲመጣ ሴራሚኩ ካልተፈነቀለ ይላል። ሁለት ጆግ ውሃ ቢደፋበት ያበቃ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል እንግዳው ሶፋ ላይ ተኮራምቷል። ጋቢ ያለብሱታል፣ ካልሆነም አረቄ ይቀዱለታል። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፤ የሆድ ሙቀት ግን በዚያው በተከፈተው ይወጣል። ሦስተኛው መለኪያ ላይ እንግዳው ሞቆት እየተንቀጠቀጠ ነው። ከጓሮ የሳቅ ድምፅና የተቆላ ቡና ሽታ ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ማድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሽማግሌ ተነሥቶ «ሽንኩርት ልክተፍላችሁ» ብሎ ሲለምን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ኧረ ነውር ነው ጋሼ!» አሉ እትዬ፣ በሩ ላይ ቆመው። «ይህን የመሰለ ሳሎን እያለልዎ!»