«በዓይኔ ነው ያየሁት» ያለ ሁሉ ትክክል አይደለም

ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ሳይባል አይቅር። አንድ ሰው ተዘረፈ በተባለ ቁጥር የአንዱን ፎቶ በስልክ እየተቀባበልን «ይሄ ነው አይደል? ደህና አድርገህ እየው እንጂ!» እያልን ተበዳዩን የምናጣድፈው ለምንድነው? ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የሚያስታውሰው የዘራፊውን ፊት ይሁን የፎቶውን፣ እሱ ራሱ መለየት ያቅተዋል።

ያየነውን ባስታወስን ቁጥር በመሃል የሰማነው ሊቀላቀልበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩና ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ጥያቄው ውስጥ ግጭቱ በከባድ ቃል የተገለጸላቸው ሰዎች ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ገመቱ። ከሳምንት በኋላም ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰባበረ መስታወት «አይተናል» ያሉት ከእነሱ መካከል በዙ። በአንድ ቃል እንዲህ ከሆነ በፎቶ ምን ሊሆን ነው?

በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 የተደፈረች አንዲት ተማሪ፣ በኋላ እንድትለየው ብላ የደፋሪውን ፊት እዚያው አጥንታ ነበር። ፖሊስ ፎቶዎች ደረደረላት። ደቂቃዎች ፈጅታ ሮናልድ ኮተንን መረጠች። ቀጥሎ ሰዎች በአካል ተሰልፈው ሲቀርቡላት፣ ከፎቶዎቹም ከሰልፉም ውስጥ የነበረው ኮተን ብቻ ነው። አሁንም እሱን መረጠች፤ ፎቶውን የመረጥሽው ሰው ነው ተባለች፤ በቃ፣ ጥርጣሬዋ ጠፋ። በኋላ እውነተኛው ወንጀለኛ ፍርድ ቤት ፊቷ ቢቀርብ «አይቼው አላውቅም» አለች። ኮተን በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ የወጣው ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ፣ በ1995 ነው። ሴትዮዋ አልዋሸችም እኮ! ችግሩም እሱ ነው፤ ውሸታም ቢሆን መስቀለኛ ጥያቄ ያጋልጠዋል፣ ከልቡ ያመነን ሰው ግን በምን ታጋልጠዋለህ?

ስለዚህ ምስክሩ ችሎት ላይ «መቶ በመቶ» ስላለ አናጨብጭብ። የሚጠቅመው ማንም «ጎበዝ» ሳይለው በፊት፣ መጀመሪያ ሲለይ ምን ያህል እርግጠኛ ነበር የሚለው ነው፤ እሱ ይጻፍ። ሰልፉን የሚያሳየው ፖሊስም ተጠርጣሪው የቱ እንደሆነ የማያውቅ ይሁን፣ ሳያስበው በዓይኑ እንኳ ይጠቁማልና። ምስክሩም «ሰውየው እዚህ ላይኖር ይችላል» ይባል። ይህን ከፖሊስ መጠየቅ መብታችን ነው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው። ፎቶ አትለጥፉ። ሽጉጥ ተደቅኖበት ዓይኑ ሽጉጡ ላይ የቀረውን ሰው «ፊቱን እንዴት አላየኸውም?» እያላችሁ አታሳፍሩት። «ምን አየህ?» ብላችሁ ዝም በሉ፣ እሱ ይናገር፤ «አላወቅሁትም» ካለም ፈሪ አትበሉት።