ሲያትል ውስጥ ለነባር ሕዝቦች አጋር መሆን

ሲያትል ውስጥ ስብሰባን «ያለነው በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ነው» ብሎ መክፈት ተለምዷል። የሐበሻ ማኅበራትም ቢያደርጉት ክፋት የለውም። ከኢንተርኔት ተቀድቶ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር ግን ለማንም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ጎሳዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈራረሙትን ውል ማወቅ ይቀድማል።

ከተማዋ የተሰየመችው በዱዋሚሽና በሱኳሚሽ ጎሳዎች መሪ በሲአህል ነው። እሱና ሌሎች መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1855 የፖይንት ኤልየትን ውል ሲፈርሙ መሬቱን ለቀቁ፤ በኖሩበት ውሃ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ መብቱን መንግሥት የሰጣቸው ይመስላቸዋል። ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1974 ከሚጠመደው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የውሉ ጎሳዎች ድርሻ ነው ብለው የፈረዱት ይህንና መሰል ውሎችን ይዘው ነው። ውሉ በተፈረመ በአሥር ዓመቱ፣ በ1865፣ በሲአህል ስም የምትጠራው ከተማ ቀጣሪ ያላስጠጋው ነባር ሰው እንዳይኖርባት ደነገገች። በነገራችን ላይ፣ ስለ ተፈጥሮ «ሲአህል የተናገረው» እየተባለ የሚጠቀሰውን ንግግር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው አንድ የፊልም ደራሲ ነው። ፖስተር ላይ አታትሙት።

ዱዋሚሾች እንደ ጎሳ የፌዴራል መንግሥት ዕውቅና የላቸውም፤ በ2001 በክሊንተን አስተዳደር ማብቂያ የተሰጣቸው ይሁንታ በቡሽ ጊዜ ተሽሯል። «ሪል ሬንት ዱዋሚሽ» በሚባለው መንገድ ነዋሪዎች በየወሩ በፈቃዳቸው ገንዘብ ይሰጧቸዋል። በሌላ በኩል ዕውቅና ያላቸው የሙክልሹት ጎሳ ሰዎች ብዙ የዱዋሚሽ ተወላጆች እኛ ዘንድ አሉ በማለት የዕውቅና ጥያቄውን ይቃወማሉ። ለእንዲህ ያለ ክርክር እኛ ሐበሾች እንግዳ አይደለንም፤ ዳኛ ሆኖ መግባት ግን የእንግዳ ሥራ አይደለም። መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ በስብሰባ መክፈቻው ጽሑፍ ግን ሙክልሹትንና ሱኳሚሽንም ይጥቀስ።

ልጆች ያሏችሁ መምህሩን ጠይቁ። የዋሽንግተን ሕግ ከ2015 ጀምሮ የጎሳዎች ታሪክና አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ያዛል፤ የግዛቱ ትምህርት ቢሮም ማስተማሪያውን በነፃ አቅርቧል። «በአቅራቢያችን ካለው ጎሳ ጋር ትሠራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ትምህርቱ በኅዳር፣ በምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ሰሞን፣ ለአንድ ቀን የወረቀት ላባ በመቀባት ብቻ እንዳያልፍ ያግዛል።

በሐምሌ ዴይብሬክ ስታር በተባለው የነባር ሕዝቦች የባህል ማዕከል ወደሚደረገው ፓውዋው (የጭፈራና የዘፈን በዓል) ስትሄዱ፣ ጨፋሪዎቹ ሲገቡ ተነሡ፤ መድረክ መሪው ፎቶ ከከለከለ ስልኩን ኪስ ክተቱ። የንስር ላባ መሬት ከወደቀ አታንሡት፤ የሚያነሣው ሥርዓቱ የሚፈቅድለት ሰው ነው። ጌጥ ስትገዙ «ኔቲቭ ስታይል» (በነባሮች ዘይቤ) የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ የሠሪውንና የጎሳውን ስም ጠይቁ። ሐሰተኛውን የነባር ሕዝቦች ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ከ1990ው የፌዴራል ሕግ ወዲህ እስከ 250,000 ዶላርና 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። እውነተኛ ነጋዴ ሲጠየቅ አይከፋውም።