በረካ የተቀነሰበት በጀት

ጅማ ቆጪ ሰፈር የገዛናትን ባለሁለት መኝታ ቤት ለማየት የመጣ ዘመድ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ሲለን፣ ባለቤቴና እኔ እኩል «አሜን» እንላለን እንጂ ቤቱ ገና የባንክ መሆኑን አንናገርም። እኔ ባሰላሁት መሠረት እስከ ዛሬ በከፈልነው ገንዘብ የእኛ የሆነው የፊት ለፊቱ በር ብቻ ነው፤ እሱም ከነመቃኑ መሆኑ ያጠራጥረኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከብዙ ዓመት ቁጠባችንና ከባለቤቴ ወርቅ የጎደለውን 400,000 ብር ከባንክ ተበደርን፤ ወለዱ በዓመት 14 በመቶ፣ የመክፈያው ዘመን 20 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 4,974 ብር ነው። ውሉን የፈረምሁ ዕለት ደስታ ዓይኔን ጋርዶት ስለነበር የክፍያውን ሰንጠረዥ ያነበብሁት የመጀመሪያውን ወር ከከፈልሁ በኋላ፣ አንድ ዝናባማ ምሽት ላይ ነው። ከዚያች 4,974 ብር ውስጥ 4,667ቷ ወለድ ሆና ሄዳ፣ ከብድሩ ላይ የተቀነሰችው 307 ብር ብቻ ሆና አገኘኋት። በ307 ብር ፈረንጅ አራዳ ላይ አንድ ጥንድ ደህና ጫማ እንኳ አይገኝም፤ እኔ ግን በዚያ ወር ቤት እየገዛሁ ነበር። የሰንጠረዡን መጨረሻ ገልጬ ሳይ ደግሞ፣ 20 ዓመቱ ሲሞላ ለባንኩ የምንከፍለው በጠቅላላው ከ1,190,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ማለትም የተበደርነውን ሦስት እጥፍ ያህል ከፍለን በአንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን ማለት ነው።

የከተማችን ሰው ስለ ግብር ሲነሣ ዳግማዊ አባ ጅፋርን ማስታወስ ይወዳል። ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ ግብር እየላኩ ግዛታቸውን ለአሥርት ዓመታት በሰላም አስተዳድረዋል፤ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም ዛሬ ድረስ ቆሞ ይጎበኛል። የእሳቸው ግብር በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። እኔ ግን የምገብረው በየወሩ ሲሆን፣ ያስከበርሁት ግዛትም ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነው።

ያን ሌሊት በሰንጠረዡ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስደምርና ስቀንስ አደርሁ። ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነውና፣ በየወሩ 800 ብር ብቻ ጨምረን ከዋናው ብድር ላይ ብናስቀንስ 20 ዓመት የተባለው ዕዳ 12 ዓመት ሳይሞላው ያልቃል፤ ከወለዱም ከ370,000 ብር በላይ ይቀርልናል። ጎህ ሲቀድ ራእይ እንዳየ ባሕታዊ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ከሰማችኝ በኋላ «800 ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእኔ ሌሊቱን ሙሉ አልመጣልኝም ነበር።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፤ የደብተሩም ዋጋ የመጀመሪያው ወጪ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የቤታችን ሳንቲም ፊቴ ቀርቦ እንዲመሰክር አደረግሁ። ሥጋ እንቀንስ ስል፣ ሥጋ ራሱን በራሱ ከቀነሰ 3 ወር እንደሆነው ባለቤቴ አስታወሰችኝ። መብራት ምሽት 2 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲጣድ ወሰንሁ፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም አብሮ ከፍ ይላልና በዚህ አሁንም አልጸጸትም። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤት በባጃጅ መመላለሱ ቀርቶ በእግር እንዲሆን ደግሞ በራሴ ላይ ፈረድሁ።

የጅማ ዝናብ ግን በጀት አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ካዘናጋኝ በኋላ፣ ልክ ከሥራ ወጥቼ አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ይመጣል። ባጃጆቹ አጠገቤ ሲደርሱ ዝግ ይላሉ፤ ሹፌሮቹም አንገታቸውን ብቅ አድርገው ያዩኛል፤ እኔም ዝናብ የሚወድ ሰው መስዬ ቀና ብዬ እራመዳለሁ። በመጀመሪያው ወር ከባጃጅ 600 ብር ተረፈ። ከዚያ ላይ 450 ብሩ ለተገነጠለው የጫማዬ ሶል፣ 80 ብሩ ለጉንፋን መድኃኒት ወጣ፤ የቀረችው 70 ብርም በክብር ወደ ባንክ ተሸኘች።

ባለቤቴ በበኩሏ አንድም አዋጅ ሳታውጅ ጤፍ ከሱቅ በኪሎ መግዛቷን ተወች፤ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆና፣ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ ከገነነው ከሂርማታ የሐሙስ ገበያ አንድ ኩንታል ገዝተው ተካፈሉ። በዚህና ይህንን በመሳሰለው ከ500 ብር በላይ አተረፈች። በደብተሩ ላይ ይህን በትንንሽ ፊደል የጻፍሁት ቦታ ለመቆጠብ ነው እንጂ በቅናት አይደለም።

የቀረውን ለመሙላት ዓይኔን ቡናው ላይ ጣልሁ። በእኛ ቤት ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ በእያንዳንዱም አቦል፣ ቶናና በረካ አለ። አንድ ሲባል ሦስት የሚጠጣ ነገር በሌላ ሸቀጥ ላይ ቢሆን ኖሮ ብክነት ይባል ነበር ብዬ በማሰብ፣ ቶናና በረካ ቢቀሩ የቡና ወጪያችን በሁለት ሦስተኛ እንደሚቀንስ አሳምሬ በሰንጠረዥ አቀረብሁ። ባለቤቴ ብረት ምጣዱ ላይ የምትቆላውን ቡና ማማሰሏን አቁማ ለረዥም ጊዜ አየችኝ።

«ቶናና በረካ እኮ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ የሚፈላ ነው» አለችኝ። «ልትቆጥብ የፈለግኸው ውሃውን ነው ወይስ ጎረቤቱን?»

ቡናው እስኪያር ድረስ መልስ አላገኘሁም። ለዚያ ቀን ብክነት ተጠያቂው ማን እንደሆነ በደብተሩ ላይ አልተመዘገበም። ክብሬን ለመጠበቅ ያህል ግን የጠዋቱ ቡና እንዲቀር፣ የከሰዓቱም በር ተዘግቶ ለሁለታችን ብቻ እንዲፈላ ተስማማን፤ ተስማማን ማለቴ፣ እኔ ተናገርሁ፣ እሷ ዝም አለች።

ሰፈራችን ግን ምልክት በመልቀም ከማንኛውም የምርመራ ክፍል ይበልጣል። ከቤታችን የዕጣን ሽታ ጠፋ። መብራታችን በ2 ሰዓት ይጠፋል። አባወራው በዝናብ፣ በጭቃ፣ ብቻውን እያጉረመረመ ይሄዳል (ሒሳብ እየሠራሁ ነበር)። እማወራዋን ማንም ቡና ጥሪ ብላ ስትልክ አላየም። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቶቻችን «ምነው ጠፋችሁ?» እያሉ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ሌላዋ ከጓሮዋ የቆረጠችውን የሙዝ ዘለላ አመጣች፤ ሦስተኛዋ ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጎትታ ጸበል የሚወስድ ሰው እንደምታውቅ በሹክሹክታ ነገረቻት። ዳቦና ሙዝ ይዞ የመጣን እንግዳ ደግሞ በአቦል ብቻ የሚሸኝ ቤት ጅማ ውስጥ አልተሠራም። በወሩ መጨረሻ የቡናው ወጪ በጀት ከማውጣቴ በፊት ከነበረው በግማሽ ያህል በልጦ ተገኘ።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሐጂ፣ ጆሯቸው ደከም ያለው የእድራችን ዳኛ፣ እንዲሁም በሒሳብ ሠራተኛነት ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ። የሶፋው ግዢ ላልተወሰነ ጊዜ በመተላለፉ ሦስቱንም ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸው። ምርቃቱና የጤና ጥየቃው ካለቀ በኋላ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ባልና ሚስት ይጋጫሉ፤ ያለ ነው። እንደ እናንተ ግን መብራት አጥፍቶ የሚኮራረፍ አላየንም። በል፣ የተቀየምኸውን ንገረን፤ እሷም ትናገር።»

«ኧረ አልተጣላንም፣ ሐጂ» አልሁ።

«ታዲያ በዚህ ዝናብ በእግርህ የሚያንከራትትህ ምንድን ነው?»

«ወለድ ነው» አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

የእድሩ ዳኛ በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉና «ወለላ? ወለላ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለው በቁጣ ጠየቁ። ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዳኛው ግን ልታለቅስ የገባች ስለመሰላቸው በነቀፌታ ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። ከዚህ በኋላ ደብተሩን ከማውጣት በቀር ስሜን የማጠራበት መንገድ አልነበረኝም።

ሐጂ ቁጥሮቹን በትዕግሥት አዳመጡና በረዥሙ ተነፈሱ። «እኛ ወለድን ላለመንካት ዕድሜያችንን ስንሸሸው፣ አንተ ጭራሽ ቤትህ አስገብተህ ከአልጋህ ሥር አስተኛኸው» አሉኝ። ልጃቸው ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት፣ ሙራባሃ በሚባለው፣ ንብረት መግዛቱን ነገሩኝ፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል፤ ዋጋውም ከተቆረጠ በኋላ ንቅንቅ አይልም። «የልጄ ዕዳ ሌሊት ሌሊት አያድግም» ሲሉም አከሉ። ባንኩ የሚጨምረው ትርፍም ቢሆን ቀላል አይደለም ልል አስቤ ነበር፤ ሆኖም ዕዳው ሲያድግ የማያድረው ሰው እንደ እኔ ሌሊቱን በእርሳስ እንደማያሳልፍ ትዝ ሲለኝ ዝም አልሁ።

በጣም የጎዳኝ የጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ተጨማሪ 800 ብር ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልህ ለባንኩ በጽሑፍ አመልክተሃል?» አሉኝ። አላመለከትሁም ነበር። ገንዘቡ ሲገባ ባንኩ ሐሳቤን የሚረዳልኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄድሁ። ወጣቱ የብድር ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆይቶ «አዎ፣ 2,400 ብርዎ አለ፤ ሒሳብዎ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ይያዛል» አለኝ። የ3 ወር ዝናብ፣ የ3 ወር ጨለማና አንድ ጥንድ ሶል ተደምረው የአንድ ወር ክፍያ ግማሽ እንኳ አልሞሉም፤ ከዋናው ብድር ላይ ደግሞ ቤሳ አልቀነሱም ነበር። ሰውየውን ለመውቀስ አልችልም፤ ሰው ክፍያ አሳልፎ ሲመጣ እንጂ ቀድሞ ከፍሎ ሲቆጣ አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። «ማመልከቻ ይጻፉ» አለኝ። ብድርን ቀድሞ ለከፈለ የሚጣል ቅጣት በውላችን ላይ አለመኖሩንም የዚያን ቀን እዚያው ቆሜ አነበብሁ፤ ከመፈረሜ በፊት ሳነበው የሚያምርብኝን ነገር።

ሽማግሌዎቹ ካስታረቁን ወዲህ (የእድሩ ዳኛ እስከ ዛሬ ያስታረቁን ይመስላቸዋል) የከሰዓቱ ቡና በር ተከፍቶ፣ ሦስቱም ስኒ በሥርዓቱ እየተጠጣ ቀጠለ። ገመናችን አንዴ አደባባይ ወጥቷልና፣ ስለ 14 በመቶው፣ ስለ 307 ብሩና በማመልከቻ እጦት ስለተቀመጠው 2,400 ብር የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። አንድ ቀን ቶናው ሲቀዳ፣ ድፎ ዳቦ ይዛ የመጣችው ጎረቤታችን «ለምን እቁብ አንጥልም?» አለች። በረካው ሳይደርስ 20 ሰው ተቆጠረ፤ ወርሃዊ መዋጮው 800 ብር ሆነ፤ የመጀመሪያው እጣም ሳይወጣ «ለባለ ዕዳዎቹ ይሁን» ተባለ። ዋስ የሆነን ቤታችን አልነበረም፤ ጀበናችን ይመስለኛል።

እኔ ደብተሬን ይዤ ጓዳ ገባሁና ሦስት ጊዜ አሰላሁ። 16,000 ብሩን አሁን፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዋናው ብድር ላይ ብናስቀንስ ከመጨረሻው ላይ ከ3 ዓመት የሚበልጥ ክፍያ ይቆረጥልናል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ከዋናው ብድር ላይ በወር የሚነሣው 300 ብር እና ጥቂት ብቻ ነው። ባንክ 14 በመቶ የሚያስከፍልበትን ገንዘብ ሃያ ሰዎች ያለ ምንም ወለድ፣ በፈንድሻ አጅበው ሰጡን። በአራተኛው ጊዜ ሳሰላ ባለቤቴ ከደጅ «ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው» ብላ ተጣራች።

በማግሥቱ «ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልኝ» የሚል፣ ፊርማና ቀን ያለበት ማመልከቻ ከ16,000 ብሩ ጋር አያይዤ ለዚያው ወጣት ሠራተኛ ሰጠሁት። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ብሩንም ቆጠረው።

«የገንዘቡ ምንጭ ምን ተብሎ ይመዝገብ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እቁብ ነው» አልሁት።

ጻፈው። ከዚያ ግራና ቀኝ ተመለከተና በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው ሞልቷል?»